ጅማ ላይ ለሴት ልጆች የቅዳሜ ሳይንስ ክበብ እንዴት ይጀመራል

ጅማ ሳይንስ ያጣች ከተማ አይደለችም። ዩኒቨርሲቲው እዚሁ ነው። የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ኪቶ ፉርዲሳ ላይ ነው። የመልኮ የግብርና ምርምር ማዕከል ከከተማው ወጣ ሲሉ ይገኛል። ሆስፒታሉ ከነላቦራቶሪው አለ። ሁሉም ጋ በባጃጅ ይደረሳል። ግን አንዷን የ8ኛ ክፍል ልጅ «እዛ ግቢ ገብተሽ ታውቂያለሽ?» ብላችሁ ጠይቋት። አብዛኞቹ የሚያውቁት አጥሩን ነው።

ይሄ መመሪያ ለመምህራን፣ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ለታላቅ እህቶች፣ ባጠቃላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት መስጠት ለሚችል ሰው ነው። ፕሮጀክት መጻፍ አያስፈልግም። በጀት መጠበቅም አያስፈልግም። አሥራ ምናምን ልጆች፣ አንድ ክፍልና ጥቂት ሎሚ ይበቃል፤ ሎሚው ለምን እንደሆነ ቁጥር 5 ላይ ታገኙታላችሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ሴት ልጆቻችን ሳይንስን የሚተዉት ምክር አጥተው አይመስለኝም። «በርቺ፣ ትችያለሽ» የሚላቸው ሰው ሞልቷል። ያጡት ጊዜና እቃውን በእጃቸው የመንካት ዕድል ነው። ቤት ውስጥ ጊዜያቸውን ሥራ ይወስደዋል። ክፍል ውስጥ ደግሞ ማይክሮስኮፑ ጋ ቀድሞ የሚደርሰው ወንዱ ነው፤ እሷ ከኋላ ቆማ ታያለች፣ ከዚያ «ጽሑፍሽ ያምራል» ተብላ የቡድኑን ሪፖርት ትጽፋለች፣ እንዲህ እያለ ዓመቱ ያልቃል። ከታች የምነግራችሁ ነገር ሁሉ ይህንን ለመቀየር ነው።

1. ከ7ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ያሉትን ያዙ

12ኛ ክፍል ደርሰው ከመጨነቅ አሁን መጀመር ይሻላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። 11ኛ ክፍል ላይ ተማሪው ተፈጥሮ ሳይንስ ወይም ማኅበራዊ ሳይንስ ብሎ ይለያል። ማኅበራዊ ከገባች በኋላ ኢንጂነሪንግ ወይም ሕክምና ልማር ብትል በሩ ተዘግቷል ማለት ይቻላል። ስለዚህ የ10ኛ ክፍል ማብቂያ ትልቁ መታጠፊያ ነው፤ ያን ቀን ደግሞ ብዙዎቹ የሚወስኑት ጓደኛቸው የት እንደገባች አይተው ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። እስከ 8ኛ ድረስ ሳይንሱን በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ የተማረች ልጅ 9ኛ ስትገባ ሁሉም ነገር ባንዴ እንግሊዝኛ ይሆንባታል። ፊዚክስ የከበዳት ይመስላታል፤ የከበዳት ቋንቋው ነው። 7ኛና 8ኛ ላይ ካገኛችኋት ይሄን ድንጋጤ ቀድማችሁ ልታቀልሉላት ትችላላችሁ።

ጎበዞቹን ብቻ አትሰብስቡ። ከክፍል አንደኛ የወጣችውን ማንም ይጠራታል። መሃል ላይ ያለችውን፣ እጇን የማታወጣውን፣ ግን የተበላሸ ሬዲዮ ሲፈታ ጠጋ ብላ የምታየውን ፈልጉ።

2. ቤት ድረስ ሂዱ

ይሄ ከሁሉም የሚረዝመው ሥራ ነው፤ ደግሞም ከሁሉም የሚዘለለው። ትምህርት ቤት ማስታወቂያ መለጠፍ ብቻውን አይበቃም። ልጅቷ ብትፈልግም ቅዳሜ ጠዋት የእሷ አይደለም። ልብስ አለ፣ ውሃ አለ፣ እንጀራ አለ፣ ታናናሾች አሉ። ያንን ሰዓት ሊሰጣት የሚችለው ቤተሰቡ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ እናቷ ናት።

ስትሄዱ ሴት ሰው ይኑርባችሁ። ቤቱ የሚግባባው በአፋን ኦሮሞ ከሆነ በደንብ የሚናገር ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ አስተርጓሚዋ ልጅቷ ራሷ ከሆነች ነገሩ ይበላሻል። ቡና ጠጡ ከተባላችሁ ቁጭ በሉና ጠጡ። ቸኩሎ የሄደ እንግዳ ልጅ አይሰጠውም።

ከዚያ ስለ ሴቶች እኩልነት ንግግር አታድርጉ። ቁርጥ ያለ ነገር ጠይቁ። እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «እትዬ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ልጅዎን ይልቀቁልኝ። የምንማረው እዚሁ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነው። 5 ተኩል ቤት ትገባለች። ስልኬ ይሄ ነው፣ ከዘገየች ይደውሉልኝ።» ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ኃላፊው ማን እንደሆነ፣ በቃ። እናት የምትፈራው ሳይንሱን አይደለም። የት እንዳለች አለማወቅን ነው የምትፈራው።

«ታናሿን ማን ይይዝልኛል?» መባሉ አይቀርም። መልሱን ቀድማችሁ አዘጋጁ፦ ይዛት ትምጣ። ክፍሉ ጥግ ላይ ምንጣፍ አንጥፉ፣ ወረቀትና ከለር አስቀምጡ። ትንሿ እዛ ትጫወታለች። እንደውም ከጥቂት ሳምንት በኋላ እሷም ሎሚ ልትወጋ ትመጣለች።

ወንድም ካለ ደግሞ አፍረት የለም፣ ጠይቁ። «ጋሼ፣ ቅዳሜ ጠዋት ውሃውን ወንድሟ ቢቀዳስ?» አባት ፊት ለፊት እንዲህ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ እሺ ይላል። ማንም ጠይቆት ስለማያውቅ ነው እንጂ።

የሥራ ጉዳይም ይነሳል። «ኢንጂነር ሆኖ ሥራ ፈቶ የተቀመጠ አውቃለሁ» ይሏችኋል። እውነታቸውን ነው፣ አትከራከሩ። ሥራ ያጣ ተመራቂ አለ። ግን አብራችሁ ቁጠሩላቸው፦ ፋርማሲ፣ የሆስፒታል ላቦራቶሪ፣ ነርስነትና አዋላጅነት፣ የቡና ጥራት ምርመራና ቅምሻ፣ የኤሌክትሪክ ጥገና፣ ቅየሳ፣ የኮምፒውተር ሥራ። ሁሉም ሳይንስ ይፈልጋል። ሁሉም ደግሞ ዲግሪ ብቻ አይደለም፤ በፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ በኩል የሚገባበትም አለ። ለወላጅ «ሳይንቲስት ትሆናለች» ከሚለው ይልቅ ይሄ ይገባዋል።

3. ቦታና ሰዓት

ትምህርት ቤት ከሁሉም ይሻላል፣ ወላጅም ያምነዋል። ርእሰ መምህሩን በጽሑፍ ጠይቁ፣ የተፈረመበትን ቅጂ ያዙ። ካልሆነ የወጣት ማዕከል ወይም ቤተ መጻሕፍት።

ሰዓቱን ጠዋት አድርጉት። ከሰዓት ዝናቡ ይመጣል፣ የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ካፊያ ሳይሆን ዶፍ ነው። ረመዳን ሲሆን አሳጥሩት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የቡና ለቀማ ስለሆነ ከማና ወይም ከጎማ ወረዳ በኩል የሚመጡ ልጆች ካሉ ይቀራሉ። ስማቸውን አትሰርዙ። ለቀማው ሲያልቅ ሰው ልካችሁ ጥሯቸው።

4. የእጅ ሕግ

ክበቡ ሲጀመር አንድ ሕግ አውጡ፦ አሠልጣኝ እቃ አይነካም። ማሳየት ካለበት በራሱ እቃ ያሳይ፤ የልጅቷን እቃ ከእጇ ወስዶ «እንዲህ ነው» ብሎ ሠርቶ አይመልስላት። ቀላል ይመስላል። ሞክሩትና እጃችሁን መያዝ ምን ያህል እንደሚከብድ ታያላችሁ። በተለይ ወንድ አሠልጣኞች፣ በቅንነት ለመርዳት ስትሉ ነው የምትነጥቋት፤ እሷ ግን የምትማረው «ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም» የሚለውን ነው።

ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጡ። አንዷ ትሠራለች፣ አንዷ ትለካለች፣ አንዷ ትጽፋለች። በየሃያ ደቂቃው ይቀያየሩ። ጽሑፏ የምታምረው ልጅ ሁልጊዜ ጸሐፊ ሆና እንዳትቀር በተለይ እሷን ተከታተሉ።

ጥያቄ ጠይቃችሁ ቶሎ አትመልሱ። ዝም በሉ። በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። ዝምታው ያስጨንቃል፣ ግን ሰባትና ስምንት ላይ አንዷ ቀስ ብላ መናገር ትጀምራለች። ስትሳሳት ደግሞ «ተሳስተሻል» ከማለት «እንዴት አወቅሽ?» በሏት። ትክክል ስትሆንም ያንኑ ጠይቋት፣ አለዚያ «እንዴት አወቅሽ» የስህተት ምልክት መሆኑን በሁለተኛው ሳምንት ይደርሱበታል።

ወንዶቹስ? የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ወራት ሴቶች ብቻቸውን ይሁኑ። እቃውን ለምደው በእጃቸው ካስገቡ በኋላ ወንዶቹ ይምጡ፣ እንደውም ሴቶቹ ያስተምሯቸው።

5. ከምን ይጀመር?

መጀመሪያ ቀን ንግግር የለም። መጽሐፍም የለም። ሎሚ አውጡ።

የሎሚ ባትሪ። ለአንድ ቡድን 4 ወይም 5 ሎሚ፣ በዚያው ቁጥር የቆርቆሮ ምስማር፣ ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ የተላጠ የመዳብ ሽቦ፣ ከተበላሸ የእጅ ባትሪ የተነቀለች አንዲት ትንሽ ኤልኢዲ መብራት። ምስማሩ የግድ የቆርቆሮ ምስማር ይሁን፤ ላዩ ላይ ዚንክ የተቀባው እሱ ነው።

ሎሚውን ጠረጴዛ ላይ ጫን እያሉ ያንከባልሉት፣ ውስጡ ውሃ እንዲፈታ። ከዚያ አንድ ጎን ምስማር፣ ሌላ ጎን መዳብ ይሰኩ። ሁለቱ ውስጥ ለውስጥ መነካካት የለባቸውም። የአንደኛውን ሎሚ መዳብ ከቀጣዩ ሎሚ ምስማር ጋር በሽቦ ያገናኙ፣ እንዲህ እያሉ እስከ መጨረሻው። ሁለት ጫፍ ይቀራል። የመዳቡ ጫፍ ወደ ኤልኢዲዋ ረጅም እግር፣ የምስማሩ ጫፍ ወደ አጭሩ። መስኮቱን ዝጉ፣ መብራቱ ደካማ ስለሆነ በብርሃን አይታይም።

ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ላይ አይበራም። ደስ ይበላችሁ፣ ትምህርቱ ያለው እዚህ ጋ ነው። መልሱን አትንገሯቸው። «ምን ምን ሊሆን ይችላል?» በሉና በወረቀት ይዘርዝሩ። የኤልኢዲዋ እግር ተገላብጦ ይሆናል። ሽቦው በደንብ አልተላጠም ይሆናል። ምስማርና መዳቡ ተነካክተው ይሆናል። ሎሚው ደረቅ ይሆናል፣ ወይ ቁጥሩ አንሶ ይሆናል። አንድ በአንድ እየቀየሩ ይሞክሩ፤ ሁለት ነገር ባንዴ መቀየር ክልክል ነው፣ ካልሆነ የቱ እንደሠራ አይታወቅም። አንዲት የ7ኛ ክፍል ልጅ ይሄን በራሷ አግኝታ መብራቷ ቦግ ስትል፣ ኢንጂነር ሲሠራ የሚውለውን ነው የሠራችው፤ ይሄንንም በቀጥታ ንገሯት።

ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ካገኛችሁ አስለኳቸው። አንድ ሎሚ ወደ 0.9 ቮልት ይሰጣል። 4 ሲሆን ስንት ይሆናል? መጀመሪያ ይገምቱ፣ ከዚያ ይለኩ። ኃይሉ ከሎሚው የሚወጣ ይመስላቸዋል። ከዚንኩ መሟሟት ነው የሚመጣው፤ የሎሚው አሲድ ማስተላለፊያ ነው። «ሎሚውን በድንች ብንቀይረውስ?» ብላ የምትጠይቅ አትጠፋም። ይሞክሩት። ሎሚዎቹ ግን ከዚያ በኋላ አይበሉም፣ አስጠንቅቁ።

ቡናው። ጅማ ሆኖ ሳይንስን ያለ ቡና ማስተማር አይገባኝም። በለቀማው ወቅት ቀይ እሸት ቡና አምጡ። ባልዲ ውሃ ውስጥ ይጨምሩት። ደህናው ይሰምጣል፣ ነፍሳት የበሉትና ባዶው ይንሳፈፋል። ለምን? እፍጋት የሚባለው ነገር፣ በአንድ መጠን ውስጥ የታጨቀው ክብደት ማለት ነው፣ ከመጽሐፉ ወጥቶ ባልዲው ውስጥ ነው። ብዙዎቹ እቤት ሲሠራ አይተውታል፣ ስሙን ነው የማያውቁት።

ከዚያ 100 ግራም እሸት ይመዝኑና ፀሐይ ላይ ያስጡት። ሚዛን ከባለሱቅ ለምኑ። ልጆቹ በየቀኑ በተራ እየመዘኑ ይጻፉ። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም በመሥመር ይሳሉት፦ ወደ ጎን ቀን፣ ወደ ላይ ግራም። ስንት በመቶው ውሃ ነበር? ይሄ የመቶኛ ሒሳብ ነው፣ ግን ማንም «ሒሳብ አልወድም» ሲል አልሰማሁም፣ የራሳቸው ቡና ነዋ።

ስለ መልኮም እዚህ ጋ ንገሯቸው። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ታየ፤ ፍሬውን ዛፉ ላይ እያጠቆረ የሚያበላሽ። የመልኮ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋም ዛፍ ፍለጋ ጫካ ለጫካ ገቡ። ዛሬ ገበሬው ችግኝ ሲገዛ 74110፣ 74112 እያለ በቁጥር የሚጠራቸው ዝርያዎች የዚያ ሥራ ውጤት ናቸው፤ የመጀመሪያው 74 የተመረጡበት ዓመት ነው፣ 1974። አባቷ ማሳ ላይ ያለው ቁጥር የአንድ ሰው የምርምር ደብተር ላይ የተጀመረ መሆኑን ያወቀች ልጅ ሳይንስን ሩቅ አገር አትፈልገውም።

ሌሎቹን ባጭሩ። ቀይ ጥቅል ጎመን ቀቅላችሁ ወይን ጠጅ የሆነውን ውሃ ያዙ፤ ሎሚ ሲነካው ወደ ሮዝ ይሄዳል፣ የአመድ ውሃ ወይም ሳሙና ሲነካው ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ። አሲድና ቤዝ ማለት ይሄው ነው። ለማይክሮስኮፕ ደግሞ ስልክ ይበቃል፦ የፊት ካሜራው ላይ ቀጭን ጥርት ያለ ላስቲክ ዘርጉ፣ ላዩ ላይ አንዲት ጠብታ ውሃ፣ ስልኩን አጋድማችሁ ከላይ የቡና ቅጠል በጀርባው አስጠጉ። ጠብታዋ ክብ ስለሆነች እንደ ሌንስ ታጎላለች። ቅጠሉ ላይ መስመሮቹ የሚገናኙበት ቦታ ትንንሽ ጉድጓዶች ይታያሉ። ምን ይሠራሉ? ይገምቱ። የአዌቱን ወንዝ ውሃ በአሸዋና በከሰል ማጣራትም ጥሩ ሥራ ነው፤ ጓንት ያድርጉ፣ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፣ የተጣራ ቢመስልም አይጠጣም።

6. ሒሳብን አትደብቁ

የክበብ ሰዎች የሚወድቁበት ቦታ እዚህ ነው። ልጆቹ እንዳይሸሹ ብለው ጨዋታውን ያበዙና ሒሳቡን ይተዉታል። ከዚያ ፈተናው ይመጣል።

ፈተናው ቀልድ የለውም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። በ2014 ዓ.ም. ፈተና 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ደረሰ። ተሻሽሏል፣ ግን ከመቶ ዘጠና በላይ የሚሆነው አሁንም አያልፍም። ልጆቹን ለማስፈራራት አይደለም የምነግራችሁ፤ 7ኛ ክፍል ላይ ክፍልፋይ ያልገባት ልጅ 12ኛ ላይ የፊዚክስ ጥያቄ ልትሠራ እንደማትችል እንድታውቁት ነው። ክፍተቱ የሚጀምረው ከታች ነው።

እንዲህ አድርጉ። በየቅዳሜው ከሁለት ሰዓቱ ግማሽ ሰዓት ሒሳብ ይሁን፣ ከዚያው ቀን ሥራ የወጣ። የሎሚው ቀን መደመርና ዐሥርዮሽ፣ የቡናው ቀን መቶኛና ግራፍ። የጎደላት ነገር ካለ ወደ ኋላ ተመለሱ፣ 5ኛ ክፍል ድረስም ቢሆን። አታሳፍሯት። «ይሄን እንዴት አታውቂም» የምትባል አንዲት ቃል የወራት ሥራ ታፈርሳለች።

ለእያንዳንዷ ደብተር ይኑራት። በየሳምንቱ አምስት አምስት የሳይንስ ቃል በእንግሊዝኛ ትጻፍ፣ ከጎኑ በራሷ ቋንቋ፣ ከሥሩ ስዕል። 9ኛ ስትገባ ያ ደብተር ይዟት ይሄዳል።

7. ኮምፒውተር ባይኖርስ?

አንድ ላፕቶፕ ለሦስት ልጅ ይበቃል። አንድ ብቻ ካለ ደግሞ ተራ ይግቡ። ስክራች የሚባለው ፕሮግራም በነፃ ነው፣ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ቋንቋውንም አማርኛ ማድረግ ይቻላል። የሚሠራው ብሎክ በመገጣጠም ነው፤ ድመቷን ማስኬድ፣ ማስዘለል፣ ከዚያ ጨዋታ መሥራት። መብራት ሲጠፋ የላፕቶፑ ባትሪ እስካለ ድረስ ይቀጥላሉ፤ ስለዚህ አርብ ማታ ቻርጅ ማድረግን አትርሱ።

መብራትም ባትሪም ካለቀ ወረቀት ላይ ፕሮግራም ይጻፉ። አንዷ «ሮቦት» ትሁን፣ ሌላዋ ትእዛዝ ትጻፍ፦ ሦስት እርምጃ ወደ ፊት፣ ወደ ቀኝ ዙሪ፣ በሩን ክፈቺ። ሮቦቷ የተጻፈውን ብቻ ነው የምታደርገው። «እጅሽን አንሺ» ካልተባለች በሩ ፊት ቆማ ትቀራለች። ይሄን ጨዋታ ከትናንሾቹ ይልቅ 10ኛ ክፍሎቹ ናቸው የሚወዱት።

ከፍ ላሉት፣ እንግሊዝኛው ለማይከብዳቸው፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና አለ። በነፃ ነው፣ በስልክም ይሠራል፣ ሲጨርሱ ሰርተፊኬት ይሰጣል። ብቻዋን የጀመረች ልጅ ትተወዋለች። ሁለት ሦስት ሆነው ይመዝገቡ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የት እንደደረሱ ይነጋገሩ።

8. ሰው አሳዩአቸው

ስማቸው የሚነገር ሴቶች አሉን። ዶክተር ሰገነት ቀለሙ ፍኖተ ሰላም ተወልዳ፣ ልጅ ሳለች አንበጣ ሰብል ሲያወድም አይታ፣ የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪ ሆነች፤ ናይሮቢ ያለውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ከ2013 እስከ 2023 እ.ኤ.አ. መርታለች። ዶክተር ሶስና ኃይሌ አዲስ አበባ ተወልዳ አሜሪካ ውስጥ በነዳጅ ሴል ምርምር ትታወቃለች። ፕሮፌሰር የዓለምፀሐይ መኮንን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሮፌሰር ናት። የጤና ሚኒስትር የነበረችው ዶክተር ሊያ ታደሰ ደግሞ ሕክምና የተማረችው እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ነው። የሊያን ስትነግሯቸው የልጆቹን ፊት እዩ፤ በየቀኑ የሚያልፉበት በር ነዋ።

ግን ከእነሱ በላይ የምትጠቅመው የሦስተኛ ዓመት የኤሌክትሪካል ተማሪዋ ናት። ከአጂፕ ወይም ከመርካቶ ሰፈር የወጣች ብትሆን ደግሞ ይመረጣል። ጋብዟት። የስኬት ታሪክ እንድታወራ አትጠይቋት። ጠዋት ስትነሳ ምን እንደምትሠራ ትናገር፣ ዶርም ምን እንደሚመስል፣ የትኛው ኮርስ እንደከበዳትና እንዴት እንዳለፈችው፣ ቤተሰብ ምን እንዳለ። ደብተሯን ይዛ ትምጣና ይገላልጡት። ልጆቹ ማንም መልሶላቸው የማያውቀውን ይጠይቃሉ፦ «ክፍል ውስጥ ስንት ሴት ናችሁ? ወንዶቹ ይስቁብሻል?» አሠልጣኞች ያን ጊዜ ውጡና ብቻቸውን ተዉአቸው።

በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ጉብኝት ውሰዷቸው። መልኮ፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ወርክሾፕ፣ የሆስፒታል ላቦራቶሪ። ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ አጽፉ፣ አንድ ወር ቀድማችሁ አስገቡ፣ በአካል ሄዳችሁ ተከታተሉ። ደብዳቤው ላይ «ለጉብኝት» ብቻ ብላችሁ አትተዉት፤ «ተማሪዎቹ አንድ ነገር በእጃቸው እንዲሠሩ ይፈቀድልን» ብላችሁ ጻፉ። ከቻላችሁና ፈቃድ ከተገኘ፣ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ በኩል ያለው የግልገል ጊቤ 1 ኃይል ማመንጫም አለ፤ 184 ሜጋ ዋት ነው። ከአንዲት ኤልኢዲና ከአራት ሎሚ ተነስታ እዛ የምትቆም ልጅ ልዩነቱን ራሷ ታሰላዋለች።

9. የማይታለፉ ነገሮች

እነዚህ ላይ ድርድር የለም። ሁልጊዜ ቢያንስ አንዲት ሴት አሠልጣኝ ትኑር። ማንም አሠልጣኝ ከአንዲት ልጅ ጋር ብቻውን ዝግ ክፍል ውስጥ አይቀመጥ፣ በሩ ክፍት ይሁን። በግል ማታ ማታ መልእክት መጻጻፍ የለም፤ መልእክት ካለ ለቡድን ወይም ለወላጅ ነው። ፎቶ ያለ ቤተሰብ ፈቃድ አይለጠፍም። አንድ ሰው እነዚህን «በጣም አጠበቃችሁት» ካለ ይቅርብን።

መሳቢያ ውስጥ ሞዴስ ይኑር፣ የት እንዳለ ሁሉም ይወቅ፣ መጠየቅ ሳያስፈልግ የሚወሰድ ይሁን። ሽንት ቤቱ ከውስጥ መቆለፉንና ውሃ መኖሩን ቀድማችሁ እዩ። ልጅ በዚህ ምክንያት ብቻ ትቀራለች፣ ምክንያቷንም አትነግራችሁም።

የጋብቻ ወሬ ከሰማችሁ ዝም አትበሉ። ሕጉ 18 ዓመት ነው የሚለው። መጀመሪያ ቤተሰቡ የሚሰማውን ሰው፣ የሃይማኖት አባት ወይም የሰፈር ሽማግሌ ያዙ፤ ካልሆነ የወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ቢሮ።

10. የምርጫው ሰሞን

የ10ኛ ክፍል ሁለተኛ መንፈቅ ሲጀምር እንደገና ቤት ለቤት ሂዱ። አሁን ባዶ እጃችሁን አይደለም የምትሄዱት፣ ደብተሯን ይዛችሁ ነው። የቡናውን ግራፍ ለአባቷ ራሷ ታስረዳ። እናንተ ዝም በሉ።

ከእሷ ጋር ቁጭ ብላችሁ ከተፈጥሮ ሳይንስ ወዴት ወዴት እንደሚኬድ በወረቀት ሳሉ። ጤና፣ ምሕንድስና፣ ግብርና፣ ኮምፒውተር። አዳማና አዲስ አበባ ያሉት የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸው የመግቢያ ፈተና እንዳላቸው ቀድማ ትወቅ። 50 ካልመጣ ሬሚዲያል የሚባለው የማካካሻ ትምህርት መንገድ እንዳለም፣ ቴክኒክና ሙያም እንዳለ ትወቅ፤ አንድ ገመድ ብቻ ይዛ የምትሄድ ልጅ ያ ሲበጠስ ሁሉንም ትተወዋለች።

አንዳንዷ ማኅበራዊ ትመርጣለች። ሕግ ወይም አካውንቲንግ ልቧ ከፈቀደ ደስ ይበላት። የምንፈልገው ፈርታ እንዳትሸሽ ነው። እሷም ክበቡ ውስጥ ትቆይ፣ የመገኘት መዝገቡንና የእቃ ሒሳቡን ትያዝ።

11ኛ የገቡት በየሁለት ሳምንቱ ተመልሰው ለአዲሶቹ 7ኛ ክፍሎች የሎሚውን ባትሪ ያሠሯቸው። ከመጀመራቸው በፊት የእጅ ሕጉን አስታውሷቸው፤ ታላቅ ስለሆኑ ብቻ እቃ መንጠቅ ይጀምራቸዋል። ለመስከረም የሚሆነውን ምስማር፣ ሽቦና ኤልኢዲ ክረምት ከመግባቱ በፊት ቆጥረው በካርቶን ያሽጉ፤ ምስማሩን በደረቅ ላስቲክ፣ እርጥበቱ ያዝገዋል።